አሚዶ የጠጡ ማስኮች

ጋሽ ኮሌታ ካውያውን አነሳና ማስኩን በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ ጠረጴዛው ላይ አቆመው። ማስኩ አልወደቀም። ጠርዙ ቀጥ ብሎ፣ እጥፋቶቹ እንደ አዲስ ደብተር ገጽ ተለያይተው፣ ያለ ማንም ድጋፍ ቆመ።

"አየሽው?" አለ።

የላውንደሪው ባለቤት ከመዝገቧ ቀና ሳትል "አየሁት" አለች። ከጠዋት ጀምሮ ብዙ ጊዜ "አየሁት" ብላለች።

"አላየሽውም። ቀና በይ።"

ቀና አለች። ከስስ ሰማያዊ ማስኳ በላይ ዓይኖቿ ሳቁ። "እግር ብቻ ነው የቀረው ጋሽ ኮሌታ። እግር ብትሰጠው ብቻውን ሥራ ይገባል።"

ይህን ስም ያወጡለት የሆቴል አስተናጋጆች ናቸው። እሱ የተኮሰው ሸሚዝ ኮሌታው ቀኑን ሙሉ ትሪ ተሸክመው ሲሮጡ ውለው እንኳ አይተኛም ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ጠረጴዛ ፊት ቆሟል። ሲቀጠር አለቃው የአሁኗ ባለቤት እናት ነበረች። ያኔ ልጅቷ የቆሸሹ አንሶላዎች ክምር ላይ እየተንከባለለች ትጫወት ነበር። አሁን አርባ ዓመቷ ነው፤ እሱም ሲያሾፍ "አለቃ" ይላታል።

ወረርሽኙ ሲመጣ መጀመሪያ ሠርጉ ቀረ፤ ቀጥሎ ሆቴሉ ተዘጋ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የሚሄድበት ቦታ ያለው ሰው ጠፋ። ከአምስቱ ሠራተኞች አራቱ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ከአራቱ ማሽኖች ሦስቱ ሸራ ለበሱ። ባለቤቷ የቤቱን ቁልፍ ለአከራይዋ ልትመልስ ቀን ቆርጣ ሳለ ነበር የከተማው አውቶቡስ ድርጅት የመጣው። ድርጅቱ ለመቶ አሥራ ሁለት ሾፌሮችና ቲኬት ቆራጮች ባለሦስት ድርብ የጨርቅ ማስክ አሰፍቷል። ለእያንዳንዱ ሰው አራት አራት ነው፤ ሁለቱ ሲደረጉ ሁለቱ ይታጠባሉ። እያንዳንዱ ማስክ ጠርዙ ላይ የባለቤቱ ቁጥር በነጭ ክር ተጠልፎበታል። ማለዳ ያደፈው በጆንያ ይመጣል፤ ማታ ንጹሑ በየቁጥሩ ታሽጎ ይሄዳል። የሙከራው ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው።

ጨርቅ የሚያደርቀውን አሚዶ የጨመረው ማንም ሳያዘው ነው። ለእሱ አሚዶ ያልነካው ጨርቅ ታጠበ እንጂ አላለቀም። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውኃ በጠበጠ፣ የፈላ ውኃ አፈሰሰበት፣ እስኪወፍር አማሰለ፣ ማስኮቹን ነክሮ ጨመቃቸውና ገና እርጥብ ሳሉ ተኮሳቸው። በሦስተኛው ቀን የድርጅቱ የዕቃ ክፍል ኃላፊ በማኅተም ደብዳቤ ጻፈ፤ "በንጽሕናውም በአቋሙም እጅግ ያማረ ሥራ" ይላል። ባለቤቷ ደብዳቤውን ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ዛሬ የሙከራው የመጨረሻ ቀን ነው፤ ኃላፊው አሥር ሰዓት ላይ የአንድ ዓመት ውል ይዞ ይመጣል።

እሱና ባለቤቷ ራሳቸው የሚያደርጉት ከፋርማሲ የሚገዛውን ስሱን ማስክ ነበር። ያ ካውያ አይችልም፤ ይቀልጣል። ስለዚህ ጋሽ ኮሌታ በሺህ የሚቆጠር ማስክ ተኩሶ አንድም ቀን የተኮሰውን አድርጎ አያውቅም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ካውያውን ነቀለና ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ወጣ። ልጁ የአውቶቡስ ሾፌር ናት። መስመሯ የሚያልቀው ከላውንደሪው ጀርባ ስለሆነ እኩለ ቀን ላይ አሥር ደቂቃ ታርፋለች፤ እሱም ምሳዋን በመስኮት ያቀብላታል። ዛሬ ግን ቀድሟት ስለደረሰ አውቶቡሱ ጥጉን ዞሮ ሲመጣ ከፊት ለፊት አየው። ከትልቁ መስታወት ኋላ የልጁ ፊት ነበር። አፍንጫዋ ነበር፤ አፏ ነበር፤ ከአፏ በታች ደግሞ የእሱ ማስክ፣ ቀጥ ብሎ የቆመው፣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን አገጯን ታቅፎ ነበር።

በሩ ሲከፈት ዳቦውን እንደያዘ ገባ።

"ማስክሽ የት አለ?"

"ይኸው።" በጣቷ አገጯን ነካች።

"በሽታው በአገጭ ነው የሚገባው ያለሽ ማን ነው?"

"አባዬ ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! ጠዋት ጠዋት ተጎንብሼ የምተኩሰው ለምንድን ነው? አገጭሽ እንዳይበርደው ነው?"

ኋላ ወንበር ላይ የቀረች አንዲት ሴትዮ ሳቀች። ልጁ ሞተሩን አጠፋች፤ ሴትዮዋ እስክትወርድም ጠበቀች።

"እውነቱን ልንገርህ? አትቆጣም?"

"እቆጣለሁ። ንገሪኝ።"

"ከግቢ ስንወጣ ሁላችንም አፍንጫችን ላይ ነው። ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ወደ ከንፈር ይወርዳል። አራተኛው ላይ አገጭ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሁሉም ነው። አየር የለውም አባዬ። ስም እንኳ አውጥተውለታል።"

"ማን ብለው?"

"ተወው በቃ።"

"ማን ብለው?"

"ቆርቆሮ።"

ጋሽ ኮሌታ ዳቦውን መሪው ፊት አስቀመጠው። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዴት ብዬ? ማታ ገና በሩን ሳልዘጋ 'እንዴት ቆሟል፣ አየሽው?' ነው የምትለኝ። ሆቴሉ ከተዘጋ ወዲህ እንደዚያ ስትደሰት አይቼህ አላውቅም።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ደግሞ ሁለት ሰው ተኝቶብናል። አንዱ በኦክስጅን ነው። ያ ሳቂታው፣ መናኸሪያ መስመር የሚነዳው። ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር።"

ሰውየውን በመልክ አያውቀውም፤ ቁጥሩን ግን ያውቀዋል። ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር ከሰኞ ጀምሮ በጆንያው ውስጥ አልመጣም ነበር። ጥሎት ይሆናል ብሎ በሆዱ ተቆጥቶት ነበር።

"እኔ ነኝ ምክንያቱ?" አለ።

"ማን ያውቃል? ከቤቱም ሊሆን ይችላል፣ ከተሳፋሪም ሊሆን ይችላል።" ዳቦውን ቆረሰች፤ ግን አልጎረሰችም። "አንተ ነህ አላልኩም።"

"አድርጊው እስቲ። በደንብ አድርጊው።"

ወደ አፍንጫዋ ሳበችው። ጋሽ ኮሌታ ጎንበስ ብሎ ኮሌታ በሚያይበት ዓይን አየው። ማስኩ ፊቷ ላይ አልተኛም፤ ፊቷ ፊት ቆሟል። ጉንጯና ጨርቁ መካከል ትንሿ ጣቱ ያለ ችግር ገባች። ልጁ ስትተነፍስ ጆሮዋ አጠገብ ያለው ጸጉር ብን ይላል፤ ስትስብ ይተኛል፤ እንደገና ብን ይላል። ትንፋሿ በጨርቁ ውስጥ አላለፈም። በጎን ይወጣል፤ በጎንም ይገባል። አሚዶ የጠጣ ጨርቅ ለማንም ፊት አይታጠፍም፤ ይህን ሠላሳ አንድ ዓመት ያውቀዋል። የሚወደውም ለዚሁ ነበር።

"ያልተደረገ አለሽ?"

ከእሽጓ ንጹሑን አውጥታ ሰጠችው። ስሱን ማስክ ኪሱ ከተተና የራሱን ሥራ አደረገ። "ንጂ" አለ፣ ከኋላዋ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጦ።

በመጀመሪያው ፌርማታ ምንም አልሆነም። "ሰው ያጋንናል" ሊል ከጀለው። በሁለተኛው የላይኛው ከንፈሩ ላይ ላብ ተጠራቀመ፤ መነጽሩ ደመነ። በሦስተኛው መውረድ ነበረበት። "ወራጅ!" ሊል አፉን ሲከፍት ጨርቁ ድምፁን መልሶ አፉ ውስጥ ከተተበት። እጁ እሱን ሳትጠይቅ ተነሳች፤ ማስኩን ያዘች፤ አገጩ ላይ አወረደችው።

"ወራጅ" አለ። ከዚያ የገዛ እጁን አያት።

ልጁ በመስታወቱ አየችውና በሩን ከፈተችለት።

ሦስቱን ፌርማታ በእግሩ ተመለሰ። እስከ መጀመሪያው ፌርማታ ድረስ አፈረ። ቀሪውን መንገድ ግን ሥራውን ነበር የሚያስበው፤ ስንት ሊትር የፈላ ውኃ እንደሚያስፈልግ፣ ስንት ጊዜ እንደሚለቀለቅ፣ ካውያው ስንት ላይ መሆን እንዳለበት። ላውንደሪው በር ሲደርስ እጅጌው ተሰብስቦ ነበር።

"አለቃ፣ ሁሉንም እንደገና ልናጥብ ነው።"

"ምኑን ሁሉንም?"

"ሁለት መቶ ሃያ አራቱንም። አሚዶውን ማስለቀቅ አለብን።"

ባለቤቷ ብዕሯን አስቀመጠች። የሆነውን ነገራት። ቆርቆሮውንም፣ ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥርንም፣ እጁንም አልደበቀም። እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ወዳለው ደብዳቤ ዞረች።

"ሰውየው የወደደው እኮ አሚዶውን ነው" አለች። "ሊመጣ አራት ሰዓት እንኳ አልቀረውም ጋሽ ኮሌታ። ዛሬ ብቻ እንዳለ ይሂድ። ውሉ ይፈረም፤ ከነገ ጀምሮ እንተወው።"

"ዛሬ ማታ የሚያደርጉት እኮ ይኼንን ነው።"

"አንድ ቀን ነው!"

"አንድ ቀን ስንት ፌርማታ ነው?" አለ። አልጮኸም። "ማጠብ የማልችል ቢሆን እሺ። እችላለሁ እኮ። ማሽኑ አለ፣ ውኃው አለ፣ አንቺ አለሽ። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ደርቆ፣ ታጥፎ፣ ታሽጎ ታይዋለሽ።"

"እሱ መጥቶ ፊቱን ቢያዞርብንስ?"

"እሱን ለእኔ ተይው።"

መዝገቧን ዘጋች። በኋላ ሸራ ከለበሱት ማሽኖች ወደ አንዱ ሄደችና ሸራውን ገፈፈችው። "ሁለት ማሽን ከሆነ ቶሎ ያልቃል" አለች። "ግን ካሁን በኋላ 'አየሽው?' ብትለኝ ሥራ እለቃለሁ።"

"የገዛ ቤትሽን?"

"የገዛ ቤቴን!"

የመጀመሪያው የፈላ ውኃ እንደ ወተት ነጥቶ ወጣ። ሁለተኛው ደፈረሰ። በሦስተኛው ጋሽ ኮሌታ ውኃውን በጣቶቹ መካከል አሽቶ አሁንም የሚያሟልጭ ነገር አገኘ፤ አራተኛ ጨመረ። ማሽኑ ጨመቃቸው፤ ባለቤቷ ጣሪያው ላይ ባለው ገመድ በጆሮ ማንጠልጠያቸው ሰቀለቻቸው፤ ነፋስ ነበር። ያልደረቀውን ካውያው ጨረሰው። እሱ ይተኩሳል፤ እሷ በየቁጥሩ ታሽጋለች። ማስኮቹ ከካውያው ሥር ሲወጡ ሙቅና ለስላሳ ናቸው። ሊያቆማቸው ሲሞክር እጁ ላይ እጥፍ ይላሉ። ሁለት ጊዜ ሞከረና ተወው። ከድርጅቱ ለመጠባበቂያ ከተሰጡት ቁጥር የለሽ ማስኮች አንዱን ግን ሆን ብሎ አላጠበውም፤ ከነአሚዶው መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።

የዕቃ ክፍል ኃላፊው አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል ገባ። ከረባት ያሰረ፣ ብዕሮቹን በኪሱ የደረደረ፣ ደህና ጠባይ ያለው ሰው ነው። አንዱን እሽግ ከፈተና ማስኩን በጫፉ አንጠለጠለው።

"ምነው እነዚህ?" አለ። "አልጋ የያዙ ይመስላሉ።"

ባለቤቷ ጋሽ ኮሌታን አየችው።

"ደህና ናቸው" አለ ጋሽ ኮሌታ። "አንድ ነገር ላስቸግርዎት? ውሉን ከመፈረማችን በፊት ጮክ ብለው ቢያነቡልን። የእኔ ዓይን ለትንንሽ ፊደል አይሆንም። ይኼንን ደግሞ አድርገው ያንብቡልን፤ የወደዱት የድሮው ነው።" መደርደሪያው ላይ የቆመውን አቀበለው።

ኃላፊው ደስ ብሎት የራሱን አውልቆ አደረገው። ጉሮሮውን ጠረገ። "አንቀጽ አንድ፤ አገልግሎት ሰጪው ተብሎ የሚጠራው..." አንቀጽ ሁለት ላይ ድምፁ ታፈነ፤ ባለቤቷ "እ? አልሰማሁም" አለችው። ድምፁን ከፍ አደረገ። አንቀጽ ሦስት መሃል ላይ ግንባሩ ወዛ። አንቀጽ አራት ላይ፣ ገና "የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛውን በአግባቡ" ሲል፣ ግራ እጁ ተነስታ ማስኩን አገጩ ላይ አወረደችው፤ ንባቡም ጥርት ብሎ ቀጠለ። አንቀጽ አምስት ከደረሰ በኋላ ነው ሁለቱም አገጩን እያዩት መሆኑን ያስተዋለው።

"ሙቀቱ ነው" አለ።

"ሙቀቱማ ነው" አለ ጋሽ ኮሌታ በትሕትና። "እስቲ በዚህኛው ይቀጥሉልን።"

ከመጠባበቂያዎቹ የታጠበውን ለስላሳ አደረገ። የቀሩትን አንቀጾች በሙሉ አነበበ፤ እጁ ከወረቀቱ አልተነሳችም። አንቀጽ ስምንት "ድርጅቱ በማንኛውም ጊዜ የአሥር ቀን ማስታወቂያ በመስጠት ውሉን ማቋረጥ ይችላል" ይል ነበር። አንብቦ ሲጨርስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

"ገብቶኛል" አለ። ድምፁ የቢሮ መሆኑ ቀርቶ ነበር። "ግን ሥራ አስኪያጁ ፊት ቀርቤ 'አቋሙ ያማረ' ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ሾፌሮቹን ስናፍናቸው ነበር ልበል? እንዲህ እናድርግ፤ ሳሙና ተቀይሯል እንላለን። አለሰለሰው እንላለን። በቃ፣ ሌላ ወሬ አያስፈልግም።" ፈረመ። ባለቤቷም ፈረመች።

ቅርጫቱን ፒካፑ ላይ ሲጭኑ ባለቤቷ የጋሽ ኮሌታን እጅጌ ሳበችው። "አደራህን። ሳሙና ነው። እሺ?"

"ሰምቻለሁ" አለ። እሺ ግን አላለም። ለመጀመሪያ ጊዜም ከቅርጫቱ ጋር ፒካፑ ላይ ወጣ።

አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ግቢ የፈረቃ ለውጥ ሰዓት ነበር። ሾፌሮቹ ተራርቀው ተሰለፉ፤ አንዳንዱ ማስኩ አገጩ ላይ ነው፤ አንዳንዱ ኃላፊውን ሲያይ ወደ ላይ ሳበው። ኃላፊው ደረጃው ላይ ቆሞ ሳሙናው መቀየሩን፣ ማስኩም መለስለሱን ተናገረ። እሽጉን እየተቀበሉ አለፉ።

"ቆርቆሮው ተቀየረ ይላሉ" አለ አንዱ፣ ቁጥር ሰባ ሁለት።

"ሳሙና ቆርቆሮ ሲያለሰልስ አይተህ ታውቃለህ?" አለችው ከኋላው ያለችው ቲኬት ቆራጭ። "ነገ ይደርቃል ተወው።" እሽጉን ሳትከፍተው ኪሷ ከተተችው። ሰባ ሁለትም ከተተው። ከእሱ ኋላ ያለውም።

ጋሽ ኮሌታ እሽግ የሚገባባቸውን ኪሶች ቆጠረ፤ ስምንት ላይ ትዕግሥቱ አለቀ። ልጁ ከአውቶቡሷ ወርዳ ግድግዳውን ተደግፋ ታየዋለች።

"ሳሙና አይደለም" አለ።

ኃላፊው ጮክ ብሎ ሳለ። ግቢው ወደ እሱ ዞረ።

"አሚዶ ነው። የሸሚዝ አሚዶ። የነከርኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። ቆሞ ሲታይ ስለሚያምረኝ ነው። ለፊት መሆኑን ረሳሁት። ዛሬ ራሴ አድርጌው ሦስት ፌርማታ ሄድኩ፤ ወራጅ ማለት አቃተኝ።"

"ታዲያ እንዴት ወረድክ?" አለ ሰባ ሁለት።

"እንደ እናንተ። አገጬ ላይ አውርጄው።"

ሳቁ ከፊት ጀምሮ እስከ ኋላ ሄደ። ጋሽ ኮሌታ አልሳቀም፤ እስኪያልቅ ጠበቀ። "ዛሬ በአራት ውኃ አስለቅቄዋለሁ። ካሁን በኋላ አሚዶ አይነካውም። ሞክሩት። ካፈናችሁ አምጥታችሁ እኔ ላይ ወርውሩት።"

ቲኬት ቆራጯ እሽጓን ከኪሷ አወጣች። ከፈተችው፤ ጨርቁን ጨምድዳ ለቀቀችው፤ ፊቷን አዙራ ቀየረችና አፍንጫዋ ላይ ጫን ጫን አደረገችው። ሁለት ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች። "እንዲህ ከጅምሩ ብትሉን ምን ነበረበት?" አለች፤ ማንን እንዳለች ግን አልታወቀም። ሌሎቹም እሽጋቸውን መክፈት ጀመሩ።

ኃላፊው ከደረጃው ወርዶ በጋሽ ኮሌታ አጠገብ አለፈ። "ነገ እደውላለሁ" አለ፤ ሌላ ምንም። የቢሮው በር በዝግታ ተዘጋ። ጋሽ ኮሌታ አንቀጽ ስምንትን አስታወሰ፤ አሥር ቀን። ለባለቤቷ ምን እንደሚላት ገና አላወቀም። ቢሆንም የተናገረውን ሊመልሰው አልፈለገም።

ልጁ መጥታ ትከሻውን ነካችው። ለስላሳው ማስክ አፍንጫዋ ላይ ነበር፤ ጆሮዋ አጠገብ ያለው ጸጉር አይንቀሳቀስም።

"እኔ ጨርሻለሁ" አለች። "ያ አውቶቡስ በእኛ ሰፈር ነው የሚያልፈው። ና፣ አብረን እንግባ። ከአውቶቡሴ ከወረድክ ጀምሮ አልተቀመጥክም።"

ቅርጫቱ ውስጥ አየ። መንገድ ላይ ያሉት ሠላሳ አንድ ሰዎች እሽግ ነበር የቀረው።

"የእነዚህን ማን ይሰጣቸዋል?"

"ጥበቃው አለ። ቁጥራቸውን አይተው ራሳቸው ይወስዳሉ።"

"ጥበቃው ምን ብሎ ይሰጣቸዋል?"

ልጁ ወንበር ከጥበቃው ቤት አምጥታ ቅርጫቱ አጠገብ አኖረችለት፤ እሱ ግን አልተቀመጠበትም። "ሂጂ" አላት። "የመጨረሻው አውቶቡስ ሲገባ እመጣለሁ።"

እሷ የተሳፈረችበት አውቶቡስ ሲወጣ ሌላ ገባ። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ ደክሞታል፤ ማስኩ አንድ ጆሮው ላይ ተንጠልጥሏል። ጋሽ ኮሌታ ቁጥሩን ጠየቀው፤ እሽጉን ፈልጎ አወጣ፤ በሁለት እጁ ሰጠው።

"ያፍንህ የነበረው በእኔ ጥፋት ነው" አለው። "አሁን አስተካክዬዋለሁ። አፍንጫው ያንተ ነው፤ ሸፍነው።"